አምባ እያለልን «ጠረጴዛማ ተራራ» ለምን?

የድሬዳዋው ወንድማችን በዶክመንተሪ ያየውን የአሜሪካ በረሃ ተራራ፣ ያንን አናቱ ሜዳ ጎኑ ገደል የሆነውን፣ በአማርኛ ምን እንበለው ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመጡት መልሶች «ሜሳ» እና «ጠረጴዛማ ተራራ» ናቸው። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ቃሉ እኮ ቤታችን አለ። አምባ ነው።

«ሜሳ» በስፓንኛ ጠረጴዛ ማለት ነው። እነሱ ያዩትን በቤታቸው ዕቃ ስም ጠሩት፣ ደግ አደረጉ። እኛ ግን የሰው ጠረጴዛ ምን አሸከመን? የውጭ የመልክዓ ምድር ምሁራን እንኳ ስለ አገራችን ተራሮች ሲጽፉ «አምባ» ነው የሚሉት።

ሐረር ላለን ሰዎች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ጉርሱም ሄዳችሁ ቁንዱዶን እዩት። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዳር ዳሩ ገደል ነው፤ አናቱ ላይ ግን ሣር የለበሰ ሜዳ ተዘርግቷል። የታወቁት የዱር ፈረሶች የሚግጡት እዚያ ነው። ከላይ ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አለ። የላይኛው ንብርብር እንደ ክዳን ሆኖ የታችኛውን ይጠብቃል። ሥሩ በጎርፍ ሲቦረቦር ክዳኑ የሚቆምበት ያጣና ከዳር እየተገመሰ ይናዳል። ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንድማችን ያየው፣ በአሪዞናና በዩታ ድንበር በናቫሆዎች (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው) ምድር ያለው ሞኑመንት ቫሊም አፈጣጠሩ ያው ነው። እዚያ ገደሉን የሠራው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ለስላሳ የጭቃ ድንጋይ አለ። ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ አፈርና ቁጥቋጦ ብዙም አይሸፍነውም፤ ድንጋዩ ራቁቱን ይታያል።

«አምባ እኮ መንደር ነው፣ ምሽግ ነው፤ ሰው ለሌለበት በረሃ አይሆንም» ያልሽው እህቴ፣ ነጥብሽ ጥሩ ነው። ግን ሰው አምባ ላይ የሰፈረው መልኩ ስለጠቀመው ነው። በአንድ በር ብቻ የሚወጣ ተራራ ለጠላት አይመችም። ደብረ ዳሞ ዛሬም የሚወጣው በገመድ ነው። አጼ ቴዎድሮስ መጨረሻቸውን መቅደላ ላይ አደረጉ። የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት አምባ ግሸን ለእኛው ለሐረሩ ኢማም አህመድ እንኳ ቶሎ አልተበገረም፤ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1540 ነው። በጎንደር ዘመን ደግሞ እስር ቤቱ ወህኒ አምባ ሆነ። ዛሬ «ወህኒ ወረደ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የጥንቱ እስረኛ ግን ወህኒ ይወጣ ነበር እንጂ አይወርድም! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ስለዚህ መልኩ ይቀድማል፣ መንደሩና ምሽጉ በላዩ የመጡ ናቸው። ባዶውን ተራራ አምባ ብንለው ቃሉ አይከፋውም።

የሚያስቸግረው ያ ቀጭኑ ነው፤ ከስፋቱ ቁመቱ የሚበልጠው፣ ብቻውን ተገትሮ የቀረው። ፈረንጆቹ ሌላ ስም አላቸው። እሱም ድሮ ሰፊ አምባ ነበር፤ ዳር ዳሩ ተንዶ ተንዶ ነው ያነሰው። እኔ «ቅሪተ አምባ» ብለው ደስ ይለኛል። የተሻለ ያለው ካለ ግን ወዲህ ይበል፤ በተለይ የገጠር አባቶች አፍ ላይ የሰማችሁት ስም ካለ።