ክርክር፦ የከተማ ፖሊስ የጦር ሜዳ ትጥቅ ምን ያደርግለታል?

አዘጋጅ፦ ጥያቄው አሜሪካ ካሉ አባሎቻችን የመጣ ነው። የዚያ አገር ፖሊስ ብረት ለበስ መኪናና የጦር ጠመንጃ ሊኖረው ይገባል ወይ? ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን፤ ስድብ ክልክል ነው።

ሐዋዝ፦ ይገባል እንጂ! በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ሰሜን ሆሊዉድ፣ ሁለት ዘራፊዎች ጥይት መከላከያ ለብሰው አውቶማቲክ ጠመንጃ እያንጣጡ ከባንክ ወጡ። የፖሊሶቹ ሽጉጥ ልብሱን መብሳት አቃተው። መጨረሻ ላይ አቅራቢያው ካለ የመሣሪያ መደብር ገብተው ጠመንጃ ተዋሱ። ሕግ አስከባሪ ከባለሱቅ መሣሪያ ሲለምን አስቡት። ከአሥር በላይ ፖሊሶች ቆሰሉ።

ምንትዋብ፦ ወንድሜ ሐዋዝ፣ ታሪኩን ከወገቡ ጀመርከው። ስዋት የሚባለው ልዩ ትጥቅ ያለው የፖሊስ ቡድን እዚያው ሎስ አንጀለስ የተቋቋመው በ1965 ዋትስ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ከተነሣው ዐመፅ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መገባደጃ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ዘመቻውም በዲሴምበር 1969 ጥቁር ፓንተሮች በተባሉት የጥቁሮች የትግል ድርጅት ጽሕፈት ቤት ላይ ነበር። ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ሬገን በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ያወጁት ዘመቻ መጣ፤ በ1981 የወጣው ሕግ ወታደሩ ለፖሊስ መሣሪያና ሥልጠና እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1990ዎቹ ትርፍ የጦር ዕቃ በነፃ መታደል ጀመረ። ያንተ ባንክ ሲዘረፍ ነገሩ አድጎ ጎልምሶ ነበር።

ሐዋዝ፦ ከሚታደለው አብዛኛው እኮ ብርድ ልብስና የቢሮ ወንበር ነው።

ምንትዋብ፦ ብርድ ልብሱን ማን ጠላ? ደንቡ ግን የተቀበልከውን በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ አውል ይላል። የኢራቅ ፈንጂ እንዲችል የተሠራ መኪና ግቢህ ውስጥ አቁመህ ምን ሥራ ትፈልግለታለህ? የአንድ ዕፅ ሻጭ በር መስበር ነዋ። በድጎማ የሚገዙትም አሉ፤ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ኪን የምትባል 23 ሺህ ገደማ ሰው ያላት ከተማ ብረት ለበስ ለመግዛት ስታመለክት የዱባ ፌስቲቫሏን ሽብርተኛ ሊያጠቃው ይችላል ብላ ጽፋለች። ዱባ!

ባለታክሲው፦ በጁን 2020 ዋሽንግተን ነበርኩ። ሄሊኮፕተር ሰልፈኛው አናት ላይ ዝቅ ብሎ ሲያንዣብብ አቧራው ዓይኔን ሞላው፤ መኪናዬን ጥዬ ሕንፃ ሥር ተጠለልኩ።

ሐዋዝ፦ እሱ ብሔራዊ ዘብ የሚባለው የጦር ክፍል ነው፤ ፖሊስ አይደለም።

ባለታክሲው፦ ልክ ነህ፤ አወቅሁት ግን በማግሥቱ ከዜና ነው። ከሥር ሆኖ ቀና ለሚል ሰው ምኑ ይለያል?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ በፖሊስነት ነው ያረጀሁት። የለንደን ፖሊስ በ1829 ሲቋቋም ሰማያዊ የለበሰው ከቀይ ለባሹ ወታደር እንዲለይ ነበር፤ በእጁም ቆመጥ ነበር። ባለታክሲው የሚለው ይህንኑ ነው። ልብስ ለለባሹም ይናገራል። የዘማች ልብስ የለበሰ ሰው ፊቱ የቆመው ሁሉ ጠላት ይመስለዋል፤ እኔም አድማ ብተና በወጣሁ ቀን ደርሶብኛል።

ሐዋዝ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ መኪናው ይቅር። በ2014 ፈርጉሰን በምትባል ከተማ ፖሊስ ብረት ለበስ ይዞ ሰልፈኛ ፊት ከቆመ በኋላ ኦባማም ዕደላውን ገድበውት ነበር፤ ትራምፕ በ2017 አነሡት እንጂ። ጠመንጃውን ግን አልለቅም። ያ ባንክ ነገም ሊደገም ይችላል።

ጡረተኛው፦ ጠመንጃውን አልከለከልኩህም። የት ያድራል ነው ጥያቄዬ። በእኛ ጊዜ ግምጃ ቤት ያድር ነበር፤ ሲወጣ በፊርማ ነው፤ ሲመለስም ጥይቱ ይቆጠራል።