ጥቆማ፦ ሞላውን ሳትነኩ ለፕራዶ ትልቅ ጎማ ማሰር፣ ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ክረምቱ ሳይገባ ለፕራዷቸው ትልቅ ጎማ ማሰር ይፈልጋሉ። ሞላና አሞርዛቶር ማስቀየር ግን አይፈልጉም። ምን እንግዛ፣ የት እናሳስር ነው ጥያቄው። እኔ በዚህ ጉዳይ ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ ተመላልሻለሁ። አንዴ ተሳስቼም ገንዘቤን አጥቻለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

መልሴ አጭር ነው። አንድ እርከን ብቻ ጨምሩ። አሁን ያለው ጎማ 265/65 ባለ 17 ከሆነ፣ 265/70 ባለ 17 ግዙ። እዚያው ላይ አቁሙ። ቁጥሮቹ ጎማው ጎን ላይ አሉ፦ 265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

ሒሳቡን እንየው። 265/65 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ነው። 265/70 ደግሞ 803 ገደማ። ልዩነቱ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው በግማሹ ነው፣ 13 ሚሊ ሜትር። የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ዋናው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው ያለው። የጎማው ጎን ከፍ ስለሚል ድንጋይና ጉድጓድ ሲመታችሁ ቸርኬው ይተርፋል። ወደ ወረኢሉና ጃማ በመስክ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እኔ ስህተት ልምጣ። መጀመሪያ የገዛሁት 285/70 ነበር። ቁመቱ 831 ነው፣ ከፋብሪካው ጎማ በ7 በመቶ ይበልጣል። ያሰረልኝ ቤት «ምንም ሳይነካ ይገባል» አለኝ። እውነትም በቤቱ ደጃፍ፣ በሜዳው ላይ፣ ባዶ መኪና ሆኖ መሪውን ግራ ቀኝ አዞርነው፤ አልነካም። በሳምንቱ ቤተሰብና ዕቃ ጭኜ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ስወርድ፣ አንዱ ጥምዝ ላይ ከፊት ግራ ጎማ የመፋቅ ድምፅ መጣ። ልጆቹ ደነገጡ። ኮምቦልቻ ደርሼ ባየው ከፓራፋንጎው ሥር ያለው ፕላስቲክ ተቀዷል። የጎማው ጠርዝም ተልጧል። ጎማዎቹን መልሼ በኪሳራ ሸጥኳቸው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ጎማ ብቻ ከፊት አሳስራችሁ ፈትኑ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ ከዚያ ቀኝ አዙሩ። ወደ ኋላም እየነዳችሁ ድገሙት፤ ወደ ፊት ያልነካው ወደ ኋላ ሲሆን የሚነካበት ጊዜ አለ። ሰው ጫኑ። ከዚያ አንዱን የፊት እግር ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አውጡና ጎማው ወደ ላይ ሲገባ እዩ። ከፓራፋንጎው ፕላስቲክ፣ ከጭቃ መከላከያው ጎማ፣ ከኋላው ካለው የቦዲ ማሰሪያ ብረትና ከፊት መከላከያው ጥግ ጋር ጣታችሁ በደንብ መግባት አለበት። ዋልካ መሬት ላይ የምትነዱ ደግሞ ከጣትም በላይ ክፍተት ያስፈልጋችኋል። የዋልካ ጭቃ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጠቅጥቆ ጎማውን ይይዘዋል።

ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬ ወይም ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ብረት) አድርጉ የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። እኔ አልመክርም። ከውስጥ ያተረፋችሁትን ቦታ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ታጡታላችሁ። መሪውም ይከብዳል።

የጎማው ዓይነትስ? ኤች ቲ ለአስፋልት ጥሩ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ጭቃ ላይ ግን ይሸነፋል። ኤም ቲ ለጭቃ የተሠራ ነው። ነገር ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ እርጥብ አስፋልትም ላይ እንደ ሌሎቹ አይዝም። ጉም በያዘው የደሴ ዝናብ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው አይሆንም። የእኔ ምርጫ በሁለቱ መካከል ያለው ኤ ቲ ነው። ብሪጅስቶን ዱለርና ዮኮሃማ ጂኦላንዳር ሁለቱንም ነድቼባቸዋለሁ። ዱለር አስፋልት ላይ ይሻለኛል፣ ጂኦላንዳር ኮረት ላይ። ርካሽ ጎማ የምትገዙ ከሆነ የመሸከም ቁጥሩ ከ112 እንዳያንስ፤ ያ ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥርም አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አዲስ ተብሎ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ አለ።

የት? ለጎማ ምርጫ አዲስ አበባ ይሰፋል፤ ግን 400 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሳይፈትኑ ገዝቶ መመለስ አይታየኝም። እኔ ደሴ ገዝቼ ኮምቦልቻ ነው ያሳሰርኩት። ኮምቦልቻ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች የጎሚስታዎቹ እጅ የፈታ ነው። አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በሉ። የከባድ መኪና ብረት ቸርኬ የለመደ ሰው የእናንተን የአሉሚኒየም ቸርኬ በመፈልቀቂያ ብረት ይቧጭረዋል። ማሽን ያለው ቤት ምረጡ። ባላንስና አላይመንት እዚያው ይሠሩ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለእንክብካቤና ለቀዳዳ ግን የሰፈራችሁ የደሴ ጎሚስታ ይበቃል፣ አብሽሩ።

ሁለቱን ብቻ እንቀይር የምትሉም አላችሁ። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ነው። የፊቱና የኋላው ቁመት ከተለያየ መካከለኛው ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያካፍለው) ያለ ዕረፍት ይፋጫል። አራቱንም፣ ከተቻለ ስኮርታውንም ጨምራችሁ አምስቱን።

265/70ውን ካሰራችሁ በኋላ ቆጣሪው 80 ሲል በእውነት 83 ገደማ እየሄዳችሁ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል። ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ድሮው አይዝም፤ ከወትሮው አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጉ፣ ፍሬኑን አታቃጥሉት።

ራቭ ፎር ላላችሁ፣ 225/65 ባለ 17 ከሆነ 235/65 ድረስ ይቻላል። የፊቱ ሞላ የተቀመጠበት ሳህን ለጎማው በጣም ቅርብ ስለሆነ እሱን በጣታችሁ ለኩ።

ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ደሴ የተሞላ ጎማ ኮምቦልቻ ላይ ሲለካ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ወደ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ቀንሶ ይታያል፣ ከፍታው ነው እንጂ ቀዳዳ አይደለም። የቸርኬውን ብሎኖች ደግሞ ሐይቅ ከተማ ደርሳችሁ ስትመለሱ እንደገና አስጠብቁ።