ክርክር፦ ለየቤቱ ጫጩት ማደሉ ይቀጥል ወይስ መኖው ይቅደም?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ክርክር የተነሳው ከአንዲት አባላችን መልእክት ነው። የሞጆዋ እህታችን ማክሰኞ ዕለት «200 ቄብ አስገብቼ 70 ቀረኝ፣ ሁለተኛ ዶሮ አልልም» ብላ ጽፋ ነበር። ከሥሯ ሰዉ ሁለት ጎራ ለየ። አንዱ ወገን በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ በየጓሮው መግባቷ ትክክል ነው፣ ይቀጥል ይላል። ሌላው ደግሞ ሥራው ለትልልቅ ድርጅቶች ይተው፣ ድሃውን ዕዳ ውስጥ አንክተተው ይላል። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ድጋፉና ብድሩ ወዴት ይሂድ? መጀመሪያ ባለጉዳይዋ ትናገር።

የሞጆዋ፦
እንደምን ናችሁ። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። መስከረም ላይ በብድር 200 ቄብ ገዛሁ፤ የ45 ቀን ነበሩ። ሰው ሁሉ የነገረኝ የዶሮዋን ዋጋ ነው፤ የመኖውን የነገረኝ የለም። ከ45 ቀን እስከ መጀመሪያዋ እንቁላል ገና ሦስት ወር አለ። በዚያ ሦስት ወር አንዷ ቄብ ወደ 6 ኪሎ ትበላለች። በ200 አባዙት፣ 12 ኩንታል ይመጣል። አንዲት እንቁላል ሳላይ 12 ኩንታል መኖ ገዛሁ። ብድሩ ለዶሮዎቹ እንጂ ለዚህ አልነበረም። ወርቄን ሸጬ ነው የሞላሁት።

ታኅሣሥ ላይ መጣል ጀመሩ። ለገና ሰው ደጃፌ ድረስ እየመጣ ገዛኝ፣ ደስ አለኝ። የካቲት ላይ ጾም ገባ። 200 ዶሮ በቀን 160 ያህል እንቁላል ይጥላል፣ 22 ኪሎ መኖ ይበላል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ 8,800 እንቁላል ማለት ነው። አልጋ ሥር ሳይቀር ደረደርኩት። የሱቁ ልጅ የወሰደውን ራሱ ተሸክሞ መለሰልኝ። እንቁላሉ ካልተሸጠ መኖ በምን ይገዛል? መኖው ላይ ፉርሽካ አበዛሁበት። የሚጥሉት ቀነሰ፣ ቅርፊቱም እየሳሳ ስለቅመው እጄ ላይ ይሰበር ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ወትሮ እየተንጫጩ የሚቀበሉኝ ዶሮዎች ዝም አሉ። አንዷ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠማዞ ባለችበት ትሽከረከራለች። በ9 ቀን 130 ቀበርኩ። የሸጠልኝን ሰው ስጠይቀው «ክትባታቸውን ጨርሰው ነው የሰጠሁሽ» አለኝ።

ከጫጩት ማስፈልፈያ የሚሠራ፦
እህቴ፣ አይዞሽ፤ በጣም አዝናለሁ። ሆኖም ካንቺ ታሪክ የምወስደው ይህ ሥራ በ200 ዶሮ እንደማያዋጣ ነው። እስቲ ሞጆ የደረሰችው ቄብ ከየት እንደመጣች እንይ። ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን የምንላቸው እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ቅድመ አያቶቻቸው አውሮፓ ባሉ ጥቂት የዘር ድርጅቶች እጅ ናቸው። እኛ አገር በብዛት የሚገባው ወላጁ ነው፤ የአንድ ቀን ጫጩት ሆኖ በአውሮፕላን ይመጣል። እሱን አሳድጎ፣ የጣለውን እንቁላል ማሽን ውስጥ 21 ቀን አቆይቶ የሚያስፈለፍል ድርጅት አለ። ከዚያ ጫጩቱን ተቀብለው ለአንድ ወር ተኩል፣ ለሁለት ወር አሳድገው ለመንደር የሚሸጡ ወኪሎች አሉ። ኢትዮ ቺክን የተባለው ጫጩት አስፈልፋይ ድርጅት ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው አሠራር ይኸው ነው። ገበሬው የሚገባው ከሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነው። ከራሱ ዶሮ ጫጩት አስፈልፍሎ ልቀጥል ቢል ልጆቹ የእናታቸውን ያህል አይጥሉም፤ የተዳቀለ ዘር ስለሆነ በየዙሩ ተመልሶ መግዛት አለበት።

የስጋ ዶሮውም እንዲሁ ነው። ኮብ 500 ወይም ሮስ 308 በስድስት ሳምንት ለቢላዋ ይደርሳል፣ ግን ሙቀቱ፣ መኖው፣ ማረጃው፣ ማቀዝቀዣው በአንድ እጅ ካልተያዘ ትርፉ በየመንገዱ ያልቃል። ስለዚህ እኔ የምለው የኮንትራት እርባታ ይሁን ነው። ድርጅቱ ጫጩት፣ መኖና ክትባት ያቅርብ፤ አርቢው ቤትና ጉልበት ያዋጣ። ገበያውን ድርጅቱ ይፈልግ። እህታችን አልጋ ሥር እንቁላል ባልደረደረች ነበር።

ከሜሪላንድ፦
ወንድሜ፣ የኮንትራቱን ነገር እዚህ አጠገቤ ስላለ ልጨምርበት። የአሜሪካ የስጋ ዶሮ ኢንዱስትሪ መነሻው ዴልማርቫ ነው፤ ዴላዌር፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚጋሩት ልሳነ ምድር ማለት ነው። በ1923 (እ.ኤ.አ.) ሴሲል ስቲል የምትባል የዴላዌር ገበሬ 50 ጫጩት አዝዛ በስህተት 500 መጣላት። ሳትመልስ ለስጋ አሳድጋ ሸጠች፣ አዋጣት፣ ጎረቤት ተከተላት። ማለትም የተጀመረው በአንዲት ሴት ጓሮ ነው። ዛሬ ግን ዶሮውም መኖውም የድርጅቱ ነው። የገበሬው የሆነው ቤቱ፣ የባንኩ ዕዳና ኩሱ ነው። ክፍያውም ከጎረቤቶቹ ጋር እየተነጻጸረ ነው የሚሰላ። በአነስተኛ መኖ ብዙ ኪሎ ያወጣው ጨምሮ ይከፈለዋል፣ ወደ ኋላ የቀረው ይቀነስበታል። ደካማ ጫጩት ወይም የተበላሸ መኖ የደረሰው ገበሬ ያለ ጥፋቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ኮንትራት አይሁን አልልም፤ ውሉን የሚያይለት ሰው ሳይኖር ገበሬያችን እንዳይፈርም ነው የምለው።

የእንስሳት ሐኪም፦
የሞጆዋ እህቴ፣ የጻፍሽው ምልክት የፈንግል ይመስላል። ሳላይ እርግጠኛ ልሆን አልችልም፣ ነገር ግን የአንገት መጠማዘዝና በጥቂት ቀን ያን ያህል ሞት ሌላ ብዙ አያስጠረጥርም። «ክትባታቸውን ጨርሰዋል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያከሰረ ነው። በጫጩትነታቸው የሚሰጠው የፈንግል ክትባት ዕድሜ ልክ አያገለግልም፤ እንቁላል ጣይ ዶሮ በየጥቂት ወሩ ሊደገምላት ይገባል። በመኖ የተጎዳች ዶሮ ደግሞ ብትከተብም አካሏ በደንብ አይመልስም። ፉርሽካው ያመጣው ጉዳት የእንቁላሉ ብቻ አልነበረም።

ክትባቱ አለ። ቢሾፍቱ ያለው ማምረቻ የፈንግልም፣ ጉምቦሮ የሚባለው የሌላው የዶሮ በሽታም ያመርታል። ችግሩ ከቢሾፍቱ እስከ ጓሮ ያለው መንገድ ነው። ብልቃጡ በብርድ መጓዝ አለበት፤ ፌስታል ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተንከራተተ በኋላ የሚሰጠው ውኃ ነው። ከተከፈተም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ 20 ዶሮ ያላት ሴት የመቶ ዶሮ ክትባት ከፍታ የቀረውን ትደፋለች። በመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ደግሞ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱ ውስጥ ያለውን ሕያው ቫይረስ ይገድለዋል። ይህንን የሚነግር ሰው ከጫጩቱ ጋር አይላክም። ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ» ተብሎ ይጻፋል። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ ብሎ የሚቆጥር አላየሁም። እኔ ብሆን ብድሩ የሚለቀቀው ለዶሮ ብቻ ሳይሆን ለመጀመሪያው ሦስት ወር መኖ ጭምር ታስቦ እንዲሆን አደርጋለሁ። ያ ካልሆነ ጫጩቱ ባይሰጥ ይሻላል።

የቢቸናው፦
ዶክተር፣ «ባይሰጥ ይሻላል» ያሉት ላይ አልስማማም። እናቴ ስድስት ሀበሻ ዶሮ አላት። አንዷ በዓመት ከ50 እንቁላል ብዙም አትዘል፣ ግን የምትበላው ከአውድማ ነው፣ ራሷ ታቅፋ ታሳድጋለች፣ ጭልፊት ስታይ ጫጩቶቿን ከክንፏ ሥር ትሰበስባለች። ያ የእንቁላል ገንዘብ የናቴ ነው፤ አባቴ እንኳ እጁን አይከትበትም። እኔ ደብተር የገዛሁት በሱ ነው። ባለፈው ዓመት ሳሶ የሚባል የውጭ ዘር ዶሮ አራት ሰጧት። ሁለቱን ጭልፊት ወሰዳቸው፣ ሁለቱ ግን አሁንም አሉ፤ ለአራት ዶሮ የማዕድ ቤት ፍርፋሪ ይበቃል። አራት ዶሮና 200 ዶሮ አንድ ሥራ አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅለን ነው የምንከራከረው። የኔ እናት መኖ አልገዛችም፣ ዕዳ የለባትም። እሷ እንዳይቀርባት።

የእንስሳት ሐኪም፦
ልክ ነዎት፣ እቀበላለሁ። አራት አምስት ዶሮ ለጓሮ መስጠቱ ይቀጥል። እኔ የተቃወምኩት 200ውን በዚያው አሠራር መስጠትን ነው። ለእናትዎ ዓይነቱ ቤት እንዲያውም የራሳችንን ዘር ማሻሻሉ ነው የሚሻለው። ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የሆሮን (የምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢ ነው) ዶሮ እየመረጡ ለማሻሻል የተሠራው ሥራ ለዚህ ነበር።

ከአዲስ አበባ፣ የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ የማነሳው አጭር ነው። ማንም ያርባት ማን፣ ልጆቼ በሳምንት ሁለት እንቁላል እንኳ አያገኙም። ለፋሲካ ዶሮ የምንገዛው ተዋጥተን ነው። በጾም ሞጆ ላይ እንቁላል ሲበላሽ እኔ ጋ ለሕፃን ልጅ የማበላው አጥቼ ነበር። ሕፃናት አይጾሙም እኮ። ያንን እንቁላል ወደ ትምህርት ቤት ምገባ የሚያደርስ ሰው ጠፍቶ ነው?

ከጫጩት ማስፈልፈያ የሚሠራ፦
እሜቴ፣ ይህ እኛንም የሚያንገበግብ ነገር ነው። እኛም ጾም ሊገባ ሲል የምናስፈለፍለውን እንቀንሳለን። ከሁለት ወር በፊት ካልቀነስን ጫጩቱን የሚገዛ አናገኝም። የሜሪላንዱን ወንድሜን ማሳሰቢያ እቀበላለሁ፤ ውሉ ላይ የሞተው የማን ኪሳራ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ነገር ግን አንድ ነገር አትርሱ። የዶሮ ወጪ ከመቶ 60 እስከ 70 መኖ ነው። በቆሎው የሰው ምግብም ነው፤ አኩሪ አተሩና የኑግ ፋጉሎው ላይ ዘይት ጨማቂውም፣ ከብት አድላቢውም ይሻማል። ድጋፉ አኩሪ አተር ለሚያመርት ገበሬና ለመኖ ማቀነባበሪያ ቢሄድ ትልቁም ትንሹም ይጠቀማል። በዚህ ከዶክተር ጋር አንድ ነኝ።

አወያይ፦
የሞጆዋ እህታችን፣ ሁለተኛ ዶሮ አልልም ብለሽ ነበር። አሁንስ?

የሞጆዋ፦
ሰባዎቹ አሁንም ይጥላሉና መተው አልቻልኩም። ዛሬ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንዷ ዶሮ በቀን 110 ግራም ትበላለች፤ 10 ዶሮ በቀን 8 ከጣለች፣ አንዱ እንቁላል የሚመጣው ከ137 ግራም መኖ ነው። አንድ ኪሎ መኖ ሰባት እንቁላል አካባቢ ይሆናል። የሰባት እንቁላል ዋጋ ከኪሎ መኖው ካልበለጠ እያወቅሁ እየከሰርኩ ነው ማለት ነው። ይህችን ስሌት መስከረም ላይ ማንም ቢነግረኝ 200 ሳይሆን 60 ነበር የምገዛው፤ ቀጣዩን ዙር ደግሞ እንቁላሉ ለፋሲካ እንዲደርስ አድርጌ ነበር የማስገባው።

ዶክተር ያሉትን ለሦስት ጎረቤቶቼ ነገርኳቸው። እነሱም 10፣ 15 ዶሮ አላቸው። እሑድ አንድ ብልቃጥ አዋጥተን ገዝተን፣ በበረዶ ይዘን፣ የጉድጓድ ውኃ ቀድተን አራታችንም በአንድ ጠዋት እንሰጣለን። ዶክተር፣ ውኃውን ከመስጠታችን በፊት ስንት ሰዓት ማስጠማት እንዳለብን ቢጽፉልኝ።

የእንስሳት ሐኪም፦
ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ሙቀት ከሆነ አንድ ይበቃል። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ስጧቸው፣ ውኃውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ የሚያልቅ መጠን ይሁን። የታመመች የምትመስል ካለች እሑድን ተዉትና መጀመሪያ ደውይልኝ።