የቤተ ክርስቲያን መሪ ባለጸጋ መሆኑ ነውር ነውን?

አወያይ፦ ባለፈው ውይይት አንድ የቡድናችን አባል «ምእመናን የአገልጋያቸውን ቤትና መኪና መቁጠር ከጀመሩ ቃሉን መስማት አቁመዋል ማለት ነው» ብለው የጻፉት አስተያየት ብዙ ሰው ስላነጋገረ፣ ዛሬ ራሱን ችሎ ለክርክር ቀርቧል። አባላት የሚገለገሉባቸውን አጥቢያዎችና አገልጋዮቻቸውን በስም እንዳይጠሩ አደራ እላለሁ። መድረኩን በቅድሚያ ለአስተያየቱ ባለቤት እሰጣለሁ።

መጋቢው፦ አስተያየቱ የእኔ ነው፤ አሁንም አልተውሁትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የክፋት ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን እንጂ ገንዘብን አይደለም፤ ገንዘብን መውደድ ደግሞ ድሀውንም ባለጸጋውንም የሚይዝ በሽታ ነው። አብርሃም ባለጸጋ ነበር፤ ኢዮብ ከመከራው በኋላ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት፤ የጌታን ሥጋ ለምኖ የቀበረውን የአርማትያሱን ዮሴፍንም ወንጌላዊው ማቴዎስ ባለጠጋ ይለዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጉባኤዎች የአገልጋያቸውን ትሕትና የሚጠብቁት ደመወዙን በማሳነስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎ ያለ ጡረታ የቀረ፣ እርሱ ካረፈ በኋላም ባለቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቤት በቶሎ እንድትለቅ የተነገራት አገልጋይ አውቃለሁ። በመልካም የሚያስተዳድሩ ሽማግሌዎች እጥፍ ክብር እንዲገባቸው፣ ለሠራተኛም ደመወዙ እንደሚገባው የተጻፈው በዚያው በጢሞቴዎስ መልእክት ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ክፍል ለመጥቀስ የሚደፍር ጉባኤ ጥቂት ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦ መጋቢ፣ ስለዚያች ባለቤት የጻፉት እውነትና የሚያሳፍር ነው፤ ምሳሌዎችዎ ግን ጥያቄውን አይነኩትም። አብርሃምና ኢዮብ ከከብታቸውና ከእርሻቸው ከበሩ፤ ዮሴፍም ከመባ ሣጥን አልከበረም። የምንጠይቀው የሌሎችን መሥዋዕት በአደራ የተቀበለ ሰው ከዚያው አደራ ሲከብር ምን ይባላል የሚለውን ነው። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ልዩነት ገና በማለዳ አውቃዋለች። ከጥንታውያኑ የሥርዓት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ዲዳኬ፣ እንግዳ ሐዋርያ ሲሄድ እስከሚቀጥለው ማደሪያው የሚበቃውን እንጀራ ብቻ እንዲይዝና ገንዘብ ከጠየቀ ግን ሐሰተኛ ነቢይ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ለሌሎች ችግረኞች ስጡ ካለ ግን ማንም አይፍረድበት ይላል። እውነተኛ ነቢይ ምግቡ እንደሚገባውም ያው መጽሐፍ አልዘነጋም። ስለዚህ ክልከላው አገልጋዩ እንዲራብ የተጻፈ አይደለም።

አምብሮስንም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ374 የሚላን ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ሲሾም ከባለሥልጣን ቤተሰብ የወረሰውን ሀብት አከፋፈለ። በ378 ከአድሪያኖፕል ጦርነት በኋላ የተማረኩትን ሰዎች ለመቤዠትም የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት አቀለጠ፤ ስለዚህም ተቃዋሚዎቹ ከሰሱት። እርሱም ቤተ ክርስቲያን ወርቅ ያላት ለችግረኛ እንድታወጣው እንጂ እንድታከማቸው አይደለም ብሎ መለሰ። በእርሱ ዘመን የነበረው ክስ ኤጲስ ቆጶሱ የቤተ ክርስቲያንን ወርቅ ለድሆች አወጣ የሚል ነበር፤ የዛሬውን ክስ ከዚያ ጋር ማነጻጸሩን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የሒሳብ መርማሪው፦ እኔ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ የሃይማኖት ተቋማትን ሒሳብ እመረምራለሁ። ስለ ልብ የሚደረገው ክርክር አያልቅም፤ የሰው ልብ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይምና። የሚታየው አሠራር ነው። በሚገባ በተደራጀ ጉባኤ ከአምልኮ በኋላ መባው በሚቆጠርበት ክፍል ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲቆጥር ሌላው ይመዘግባል፣ ከዚያም ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ሲገጥም ሁለቱም ቅጹ ላይ ፈርመው ከረጢቱን ያሽጋሉ፤ የባንኩ ደረሰኝ ሲመጣም ከቅጹ ጋር ይመሳከራል። መሪው በዚያ ክፍል ውስጥ የለም። በሥራዬ እንዳየሁት ግን ትልቁ ጉድለት የሚገኘው ከቆጠራው ክፍል ሳይሆን ከክፍያ ሰነዶቹ ነው፤ «ልዩ ልዩ የአገልግሎት ወጪ» የሚል አንድ መስመር ከአጠቃላይ ደመወዙ ይበልጥና ከበስተኋላው አንድ ደረሰኝ አይገኝም። ማን ፈቀደው ብዬ ስጠይቅ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ራሱ መሪው፣ ጸሐፊዋ ባለቤቱ፣ ገንዘብ ያዡ ደግሞ ወንድሙ ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ያሰባሰበውን ብዙ ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈው አስቦ፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጽፎ፣ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ (2ኛ ቆሮ. 8)። ሐዋርያው ምስክር ካስፈለገው እኛን የማያስፈልገን በምን ምክንያት ነው? የኬልቄዶን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ451 በ26ኛው ቀኖናው እያንዳንዱ ኤጲስ ቆጶስ ከካህናቱ መካከል መጋቢ ንብረት እንዲሾም ያዘዘው፣ አስተዳደሩ ያለ ምስክር እንዳይሆንና በክህነት ላይ ነቀፋ እንዳይመጣ ብሎ ነው።

ምስክር ሲጠፋ የሚሆነውን በጀርመን የሊምቡርክ ሀገረ ስብከት አይተናል። የኤጲስ ቆጶስ ፍራንዝ ፒተር ቴባርትስ ፋን ኤልስት መኖሪያና ቢሮ ወጪ ወደ 31 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ፤ የተደረገው ምርመራ የገንዘብ ቁጥጥር አካላቱ እንደታለፉ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሀገረ ስብከቱ እንዲርቅ ተደረገ፣ በ2014 ስንብቱ ጸደቀ። መንግሥት ይቆጣጠርልናል የሚል ካለ ደግሞ፣ በአሜሪካ ሴናተር ቻክ ግራስሊ እ.ኤ.አ. በ2007 የስድስት ትልልቅ የቴሌቪዥን ሰባክያን ድርጅቶችን ሒሳብ ቢጠይቅ በሙሉ የተባበሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ምርመራውም በ2011 ያለ ቅጣት ተዘጋ። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ከውስጥ ካልተሠራ ከውጭ አይመጣም።

አንዲት ምእመን፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ የምሰጠው ለእግዚአብሔር ነው። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ገንዘቧ የት እንደሚደርስ አልጠየቀችም፤ ጌታም አመሰገናት። አገልጋዩ ካጠፋ ከፈጣሪው ጋር ይተሳሰባል።

የታሪክ መምህርቷ፦ እህቴ፣ ከዚያ ታሪክ አስቀድሞ ያሉትን ጥቂት ቁጥሮች አብረው ያንብቡ። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ መበለቲቱ ከመናገሩ በፊት የመበለቶችን ቤት የሚበሉትንና በምክንያት ጸሎትን የሚያስረዝሙትን ጻፎች የባሰ ፍርድ እንደሚቀበሉ ተናግሮባቸዋል። መበለቲቱን ማመስገኑ ሣጥኑን የያዙትን ነጻ አያወጣም።

መጋቢው፦ ደመወዝን ራስ መወሰን ነውር እንደሆነና የቤተሰብ ቦርድ ቦርድ እንዳልሆነ ከመርማሪው ጋር እስማማለሁ። ስለ ግል ስጦታ ግን ምን ይሉናል? አንድ ሰው ከጸሎት በኋላ ወደ አገልጋዩ ቀርቦ በፖስታ የሚሰጠው የመባ ገንዘብ አይደለም። ሱነማዊቷ ሴት ለኤልሳዕ በሰገነት ላይ ክፍል ሠርታ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት፤ ነቢዩም ተቀበለ። ሒሳብ አቅርብ ያለው ማንም የለም።

የሒሳብ መርማሪው፦ ያ ክፍል በሰገነት ላይ ለሁሉም የሚታይ ነበር፤ አልጋና መቅረዝም ተሸጦ የሚያከብር ሀብት አይደለም። ያው ኤልሳዕ ሌላ ሰው ሃያ እንጀራ ሲያመጣለት ለሕዝቡ አስበላው፤ ከለምጹ የተፈወሰው የሶርያ ጦር አለቃ ንዕማን ያቀረበለትን ስጦታ ደግሞ ፈጽሞ አልነካም፣ ሎሌው ግያዝ ግን በስውር ተከትሎ ብርና ልብስ ተቀበለ። በእጅ የሚሰጥ ፖስታ ችግሩ ሰጪው ስለምን እንደሰጠ አለመታወቁ ነው፤ ፈውስ ፈልጎ የሰጠም፣ ሹመት ፈልጎ የሰጠም ያው ፖስታ ይይዛል። እኔ የምጠይቀው ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የግል ስጦታ በመዝገብ እንዲገባና መዝገቡ በዓመት አንድ ጊዜ ለጉባኤው እንዲነበብ ነው።

መጋቢው፦ ግራ እጅህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ የተባለው ሰጪ ስሙ በጉባኤ ሊነበብ ነው?

የሒሳብ መርማሪው፦ የሰጪው ስም አይነበብም፤ መጠኑና ቀኑ ይበቃል። የሚጠየቀው ሰጪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው።

መጋቢው፦ በዚህ ከተስተካከለ መዝገቡን ልቀበል እችላለሁ፤ መጠኑን የሚወስኑት ግን ሽማግሌዎቹ ይሁኑ እንጂ ጠቅላላ ጉባኤው አይሁን። እናንተ ደግሞ መዝገቡን በሚያዝዘው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የአገልጋዩን ጡረታ ጻፉ፤ ያለዚያ እኔ አልፈርምበትም።