ከዓመታት በኋላ ወደ ኮሪያ የእንግሊዝኛ መምህርነት ልመለስ?

የጋንግወን መምህርት (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ከዓመታት በፊት በደቡብ ኮሪያ ጋንግወን ክፍለ ሀገር፣ ኤፒክ በሚባለው የመንግሥት መርሐ ግብር አማካይነት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ወደ አሜሪካ የተመለስኩት የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ወጪ ለመሸፈን ሲሆን፣ እሱ አሁን ተመርቆ ራሱን ስለቻለ የቢሮ ሥራዬን ትቼ ወደ ማስተማሩ ለመመለስ አስቤያለሁ። ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቼም በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ። በዚህ ሁኔታ መመለሱ ያዋጣኛል ትላላችሁ?

ሰነድ አዋቂው

እህቴ፣ የአሜሪካ ዜግነት ካለዎት ለውጭ ቋንቋ መምህራን የሚሰጠው የኢ-2 ቪዛ በር ክፍት ነው። የድሮ ሰነዶችዎ ግን እንደማያገለግሉ ይወቁት፤ የኤፍቢአይ የወንጀል ምርመራ ማስረጃው አዲስ መሆን አለበት፣ አፖስቲሉም (ሰነዱ በውጭ አገር ተቀባይነት እንዲኖረው የሚደረግለት ማረጋገጫ) የሚሰጠው በዋሽንግተን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የዲግሪውን አፖስቲል የሚሰጠው ደግሞ ሰነዱ የተረጋገጠበት ግዛት ስለሆነ ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ያስኪዱ።

ተመላሹ

እኔ ተመልሼ ሄጄ ስለነበር ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልንገርዎት። በኤፒክ የምንቀጠረው የረዳት መምህራን ደመወዝ ለረጅም ዓመታት እምብዛም ሳይጨምር የወን ዋጋ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ዶላር በአማካይ 1,050 ወን ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ግን ከ1,400 አለፈ። ስለዚህ 2,400,000 ወን የሚከፈለው ሰው ያኔ 2,286 ዶላር ያህል ያገኝ የነበረ ሲሆን፣ በ1,400 ሲሰላ የሚያገኘው 1,714 ብቻ ነው። ቤት በነፃ መሰጠቱ፣ ኮንትራት ሲፈጸምም ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ መከፈሉ እዚያው ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ በዶላር መላክ ላለበት ግን ጉድለቱን አይሞላም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የከበደኝ የሥራው ደረጃ ነው። ረዳት መምህር በአርባ ዓመቱም ያው ረዳት ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ ኮሪያዊው መምህር ስለሆነ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖርዎት ዕድገት የሚባል ነገር የለም። አገሪቱ የልጅ ያለህ እያለች መሆኗንም አይርሱ። በ2023 የወሊድ ምጣኔዋ በአንዲት ሴት 0.72 የደረሰ ሲሆን፣ እርስዎ በሚያውቁት በተራራማው ጋንግወን ተማሪ ያጡ የገጠር ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ ነው። ስለዚህ ማስተርስዎን ይያዙና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን በሚሰጠው በኢ-1 ቪዛ ዩኒቨርሲቲ ይሞክሩ፤ ወይም እዚያው ሜሪላንድ የመምህርነት ፈቃድ ያውጡና ለዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ያመልክቱ እላለሁ።

ቹንቾን

የተመላሹ ስሌት ትክክል ነው፤ ምክሩ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም። ማስተርስ ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል፣ ጠያቂዋም የፈለጉት ክፍል ውስጥ መቆም እንጂ ሹመት አይመስለኝም። ወንድምዬው ራሱን ከቻለ ለወላጆች የሚላከውን ለአንድ ዓመት ቢካፈል ምን ይከብዳል? ለነገሩ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት ኢትዮጵያውያን የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ ባለበት በጋንግወኗ ቹንቾን ከተማ፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ ሲሉ ሽማግሌዎቹ የሚያሳዩዎት ክብር በደመወዝ አይተመንም።

የጋንግወን መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜን ዛሬውኑ አነጋግረዋለሁ። ተመላሹን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ዩኒቨርሲቲዎቹ በትርፍ ጊዜ በኢንተርኔት የተማሩትን ማስተርስ ይቀበላሉ?

ተመላሹ

እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ በአካል ተገኝቶ መማርን የሚጠይቁ አሉና ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ለማመልከት ያሰቡበትን ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ይጠይቁ።