ጥቆማ፦ ክረምቱን ልጆች ቤት ሲውሉ፣ ሥራ ለሚውሉ ወላጆች አዲስ አበባ ላይ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው ጭንቅ ይዞኛል። እኔም ባለቤቴም ሥራ ነን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥተን ማታ 1 ሰዓት ነው ምንገባው። ልጆቹ 4፣ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። ት/ቤቱ የክረምት ትምህርት አለ ብሎ ወረቀት ልኳል፣ ጎረቤቴ አስጠኚ ይሻላል ትላለች፣ ለትንሿ ደግሞ ዴይ ኬር አይቻለሁ። ብሩን የቱ ላይ ባወጣው ነው ሚያዋጣኝ? ሞግዚትስ ከየት ነው ምታገኙት? ሰሚት አካባቢ ነን፣ ምታውቁትን ጠቁሙኝ በናታችሁ።

መልስ፦
እህቴ አይዞሽ። እኔም ሦስት አሉኝ፣ ባለቤቴም ሥራ ነው፣ አያት የሚባል አጠገባችን የለም፣ ስለዚህ ያለውን አማራጭ ሁሉ እያወዳደርኩ ነው ክረምትን ማሳልፈው። ከሁሉም በፊት ብርሽን ለሰው አውጪው ነው ምልሽ። ለፓኬጅ፣ ለታብሌት፣ ለጌም ቤት ከሚወጣው ይልቅ አብሯቸው የሚቀመጥ አንድ ደህና ሰው ላይ ብታወጪው ክረምቱ ሰላም ይሆንልሻል፣ ሌላውን ከተማው በነፃም በትንሽ ብርም ይሞላዋል።

የክረምት ትምህርቱን መጀመሪያ። ብዙ ቦታ ሚያስተምሩት የሚቀጥለውን ክፍል የመጀመሪያ ምዕራፎች ነው፣ ልጁ መስከረም ላይ ያንኑ መልሶ ይማረዋል። አንድ ትምህርት ላይ ወደኋላ ለቀረ ልጅ በጣም ጥሩ ነው፣ ደህና ለሚሠራ ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ እንደገና ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ዋጋውን ደሞ በወር አታወዳድሪው፣ በሰዓት አካፍዪው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 3 ሰዓት ከሆነ በ4 ሳምንት 60 ሰዓት ይመጣል፣ ብዙ ይመስላል ግን ክፍል ሙሉ ልጅ ነው ሚካፈለው። አስጠኚ በሳምንት 3 ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢመጣ 24 ሰዓት ነው፣ ያቺ 24 ሰዓት ግን የልጆችሽ ብቻ ናት። ሌላው ሰው ሚረሳው ትራንስፖርቱን ነው፣ ክረምት ላይ ሰርቪስ አለ ወይ ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ከሌለ ጠዋት ዝናብ እየዘነበ በራይድ ወይ በፈረስ (በስልክ በሚጠራ ታክሲ) ልጅ ማመላለስ ከክፍያው ሊበልጥ ይችላል፣ እኩለ ቀን ላይ ሲለቀቁ ደግሞ ማን ያመጣቸዋል?

ስለዚህ እኔ አስጠኚን ነው ምመርጠው። የግቢ ተማሪዎች ክረምት ላይ ወደየቤታቸው ስለሚመለሱ በሰፈርሽ ጎበዝ ልጅ አታጪም፣ ጎረቤት ጠይቂ፣ ቤተሰቡን ምታውቂው ቢሆን ደግሞ ከማስታወቂያ መቶ እጅ ይሻላል። ስትመርጪ ሰርተፊኬት አይደለም ማየት ያለብሽ፣ መጀመሪያ ቀን አጠገባቸው ሆነሽ ሥራሽን እየሠራሽ ስሚው። ልጁ ሲሳሳት እስክሪብቶውን ተቀብሎ ራሱ ሠርቶ ካሳየው ያ ሰው አይሆንም፣ "እስቲ እንዴት እንዳሰብከው ንገረኝ" ብሎ ዝም ብሎ ሚጠብቀው ነው አስጠኚ። ከሒሳብና እንግሊዝኛው ጋር ደሞ አማርኛ ጮክ ብሎ ማንበብን አስገቢበት፣ የግል ት/ቤት ልጆቻችን 4ኛ ክፍል ደርሰው የአማርኛ ገጽ ሲያነቡ ሚንተባተቡ ብዙ ናቸው፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ቢያነቡ በክረምቱ መጨረሻ ልዩነቱን ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

ለ4 ዓመቷ ልጅሽ ግን አስጠኚ ምንም አያደርግም፣ እሷ ሞግዚት ወይ ዴይ ኬር ነው ሚያስፈልጋት። ዴይ ኬር ከሆነ ሳትነግሪያቸው በምሳ ሰዓት ሂጂ፣ ያኔ ነው እውነቱ ሚታየው፤ ስንት ልጅ ለአንድ ተንከባካቢ እንዳለ፣ ሚተኙበት ክፍል እርጥበት አለው ወይ፣ ውሃ ከየት ነው ሚጠጡት፣ ክፍሉን በምንድን ነው ሚያሞቁት። ይሄን የመጨረሻውን አደራ፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማስገባት ሰው ይገድላል፣ ቤትም ቢሆን ለሞግዚቷ ደጋግመሽ ንገሪያት፣ ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲብስ ማንደጃ ወደ ውስጥ ማስገባት በጣም የተለመደ ነው። ሌላው፣ መሥሪያ ቤትሽ የመንግሥት ከሆነ የሕፃናት ማቆያ አለ ወይ ብለሽ የሰው ሀብቱን ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ ተከፍቶ ሠራተኛው ሳያውቅ ቀርቶ ነው።

ሞግዚት በሦስት መንገድ ነው ሚገኘው፣ በደላላ፣ በኤጀንሲ እና በሰው በሰው። ደላላ ፈጣን ነው ግን ሰውዬው ሚያገኘው ሰው ባገናኘ ቁጥር ስለሆነ ሠራተኛዋ ብትቆይም ባትቆይም ለሱ ጉዳዩ አይደለም። ኤጀንሲ ይወደዳል፣ ከከፈልሽ በኋላ በስንት ጊዜ ውስጥ ቢበላሽ እንደሚቀይሩልሽ በጽሑፍ ካልሰጡሽ ግን ከደላላው ብዙም አይለይም። በሰው በሰው የመጣች ናት ምትበረክተው፣ በተለይ ጎረቤትሽ ቤት የሠራች የምታውቃት እህት ወይ ጓደኛ ስትሆን። ከየትም ትምጣ ፋይዳ መታወቂያዋን ኮፒ ያዢ፣ ዋስ ይኑራት፣ ደሞዟን ቀኑን ጠብቀሽ ስጫት፣ የእረፍት ቀኗን አትንኪባት። ከገጠር ትንሽ ልጅ አምጥቶ ልጅ ማስጠበቅን ግን እኔ አልደግፍም፣ እሷም እኮ ጠባቂ ምትፈልግ ልጅ ናት፣ ትምህርት ቤት ነው ቦታዋ።

ደግሞ ሞግዚቷ ሰኔ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ ትጀምር፣ ቤቱን ስትለምድ ነው ሦስቱንም አንዴ ምትረከበው። ካልሆነ የዓመት ፈቃዳችሁን ተከፋፈሉት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፣ አንቺ ሐምሌ መጀመሪያ እሱ ነሐሴ ላይ ብትወስዱ ሁለት ወሩ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ይደፍናል።

አሁን ወደ ነፃዎቹ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው፣ የተከፈተው 2014 ላይ ነው፣ ለ9 ዓመቱ ልጅሽ ከየትኛውም ጌም ቤት ይበልጣል፣ ለትልቁም ጸጥ ያለ ማንበቢያ ነው፣ መታወቂያ ያዢ። ከዛ በእግር ወይ በታክሲ አንድ እርምጃ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሁሉም ልጁን ድንቅነሽ ጋር አቁሞ ፎቶ አንስቶ ይወጣል፣ እኔ ግን ሰላም ጋር ቁሙ ነው ምለው፣ አፋር ዲኪካ የተገኘችው ሕፃን፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናት ስትሞት 3 ዓመት ገደማ የነበረች ልጅ ናት። የኔ ትንሿ "እናቷስ የት ሄደች?" ብላ ጠይቃ እዛው ቆመን ብዙ አወራን፣ እስካሁን ታነሳዋለች።

አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ ክፍያ አላቸው፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ትንንሾቹን ወዳጅነት መጫወቻው ያስደስታቸዋል፣ አንድነት ደግሞ አንበሶቹና ቤተ መንግሥቱ ለ9 እና ለ13 ይሻላሉ። በክረምት ግን ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ውጪ ሚሆነውን ሁሉ ጠዋት ጨርሱ። እንጦጦን ለመስከረም አቆዩት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሐምሌ ላይ ጭጋግና ብርድ ነው ሚጠብቃችሁ፣ ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ዋተር ፓርክም እንደዛው፣ ከተማው ሞቅ ቢልም እርጥብ ልጅ በዝናብ ማየት ነው፣ ጳጉሜ ወይ ከዛ በኋላ ሂዱ።

የቄስ ትምህርትን አትርሺ። ብዙ ደብር በክረምት ልጆችን ሰብስቦ ፊደልና ዳዊት ያስተምራል፣ ሰንበት ት/ቤቶቹም የክረምት ኮርስ አላቸው፣ ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ መድረሳው በክረምት ሙሉ ነው። ክፍያው ትንሽ ነው ወይ የለውም፣ ለቤት ቅርብ ነው፣ ልጁ ሰፈሩን ያውቃል፣ የ4 ዓመቷ እንኳ ሀ ሁ እያለች ትገባለች።

ስክሪኑን በአጭሩ፦ ቤት ዋይፋይ ካለ ዲኤስቲቪ ደርቦ መክፈል አያስፈልግም፣ አንዱ ይበቃል። ስልኩ ላይ ፋሚሊ ሊንክ ጫኑበት፣ ሥራ ቦታ ሆነሽ ሰዓቱን ትወስኛለሽ፣ ለትንሿ የልጆች ፕሮግራም ብቻ። መብራት ሲጠፋ ደሞ ገበጣ አለ። መግዛት ሳያስፈልግ የ30 እንቁላል መያዣውን ካርቶን ሁለት ረድፍ ቁረጪው፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ ይወጣዋል፣ በየጉድጓዱ 4 ባቄላ፣ አለቀ። የ9 ዓመቱ ልጄ በዚህ ነው መደመርና መቁጠር የፈጠነው።

ምግቡ ላይ ጥቂት ልበል ምክንያቱም ልጅ ቤት ሲውል ቀኑን ሙሉ ነው "ራበኝ" ሚለው፣ ብስኩትና ቺፕስ በካርቶን ብትገዢ በሳምንት ያልቃል። ከሰፈር ባልትና በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በኪሎ ያዢ፣ በሶውን በማርና በትንሽ ቅቤ ጭብጦ አድርገሽ ብታስቀምጪላቸው እስከ ምሳ ያቆያቸዋል። ነሐሴ ላይ የበቆሎ እሸት ይገባል፣ ተቀቅሎም ተጠብሶም። ወተት የላስቲኩ (ሾላም ማማም) ጥሩ ነው ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፣ መብራት ሚያስቸግርበት ሰፈር ከሆናችሁ የዱቄት ወተት መጠባበቂያ ይኑር፣ ከሰፈር ላም ባለቤት ምትገዙ ደግሞ አፍልታችሁ ብቻ። ውሃም እንደዛው፣ ክረምት የተቅማጥ ጊዜ ነው፣ ውሃ አጋር ወይ ማፍላት፣ ኦአርኤስ ደግሞ ከፋርማሲ ገዝተሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ፣ ሞግዚቷ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደምትበጠብጥ አሳያት።

ልብስ፦ አዲስ ከሚሸጠው ስስ የዝናብ ጃኬት መርካቶ ሰልቫጅ ውስጥ ሚገኘው ወፍራሙ ይሻላል፣ ዚፑን ከፍተሽ ዝጊው፣ ስፌቱን ከውስጥ እይው። የላስቲክ ቦት አንድ ቁጥር አስበልጠሽ፣ ሹራብ ደግሞ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ይኑራቸው።

ጥያቄ፦
አመሰግናለሁ እህቴ፣ በጣም ነው የረዳሽኝ። እኔ ደግሞ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አባት ነኝ፣ ይሄ ሁሉ ለሱ አይሆንም፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው። ለሱ ምን አለ?

መልስ፦
ወንድሜ ለሱ ዕድሜ ያለው ነፃ ነገር ከትንንሾቹ ይበልጣል እኮ። እንግሊዝኛው ደህና ከሆነ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ፣ 2016 ክረምት ላይ የተጀመረው፣ ኦንላይን ነው፣ በነፃ ነው፣ ሲጨርስ ሰርተፊኬት ያገኛል። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ስልኩ ላይ ይከብደዋልና ቤተ መጻሕፍት ይሂድ። ለኮምፒውተር ልዩ ፍቅር ካለው ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) የሳይበር ታለንት ውድድርና የክረምት ሥልጠና ስላለው ምዝገባውን ቀደም ብላችሁ ተከታተሉ፣ ዘግይቶ ሚሄድ አያገኝም። ካልሆነ ደግሞ ሥራ ያሳዩት፣ የወንድምዎ ሱቅ፣ ጋራዥ፣ እንጨት ቤት፣ ግማሽ ቀን ይዋል፣ ለትራንስፖርትና ለምሳ ይሰጡታል፣ የ16 ዓመት ልጅ "ነገ ትመጣለህ አይደል?" ሲባል ነው ከስልኩ ቀና ሚለው።

ለሁላችሁም አንድ ነገር ልጨምር፣ ነሐሴን ባዶ ቀን አታድርጉት። ከነሐሴ 1 ፍልሰታ ነው፣ ልጆች ሚወዱት ጾም ነው፣ ማልደው ተነስተው ማስቀደስ ራሱ ፕሮግራም ይሆናቸዋል። ነሐሴ 13 ቡሄ አለ፣ ወንዶቹ ሆያ ሆዬውን ከሳምንት በፊት ይለማመዱ፣ ጅራፍ ይግመዱ፣ እናንተ ሙልሙል ጋግሩ፣ በየበሩ ሲሄዱ ግን አንድ ትልቅ ልጅ አብሯቸው ይሁን፣ መንገዱ ጭለማ ነው፣ ክዳን የሌለው ማንሆል በጎርፍ ተሸፍኖ አይታይም። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ዝናብ ከጣለ ልጆቹን ልቀቋቸው ይታጠቡ፣ ፎጣና ትኩስ ሻይ አዘጋጅታችሁ በሩ ላይ ቁሙ። ሴቶቹ ለአበባየሆሽ ወንዶቹ ደግሞ ለሚያድሉት ሥዕል ወረቀትና ከለር ከነሐሴ መጨረሻ ያዙላቸው፣ በቀን ሁለት ሦስት ሥዕል ቢሥሉ የጳጉሜን ቀኖች ሁሉ ይይዝላችኋል።

ጥያቄ፦
ደብተርና ዩኒፎርምስ መቼ ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦
ደብተር ሐምሌ ላይ፣ መርካቶ በደርዘን፣ ጳጉሜ ላይ ሁሉም አንዴ ሲወጣ ዋጋውም ግፊያውም ይጨምራል። ዩኒፎርም ግን ሐምሌ ላይ አታሰፉ፣ ልጅ በክረምት ያድጋል፣ ነሐሴ 20 አካባቢ አስለክታችሁ ሰፊውን ቀብድ ስጡት፣ የቀጠሮውን ቀን ደረሰኙ ላይ አጽፉ፣ እጅጌውና ቁምጣው ውስጥ ሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ እንዲተውላችሁ ንገሩት።