የፈረንጅ ዱባ ለወጥ አልሆን አለኝ፤ ጥፋቱ የማነው?

እሸት ዘሜሪላንድ

ሰላም ቤቶች። ቅዳሜ ልጄን ይዘን እርሻ ሄድን። ፖም ለቀምን፣ እሷ ደግሞ ከራሷ የሚተልቅ ዱባ መረጠች። ለሃሎዊን፣ ለፈረንጆቹ የጭምብል በዓል፣ ዓይንና አፍ ልትፈለፍልለት ነበር። እኔ ግን ጽጌን ይዣለሁ፤ ሽሮና ምስር ከሰለቸኝ ሰነበተ። በስንት ልመናና በአንድ ከረሜላ ዱባውን ተረከብኳት።

ቁሌቱ አራት ራስ ሽንኩርት ነው፣ ሳልቸኩል ያበሰልኩት። በርበሬው እናቴ የላከችው። ዱባውን ጨምሬ፣ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ጭልፋ ውሃ ጠብ አድርጌ ከደንኩት። ስከፍተው ባሕር ሆኗል! ዱባው ክር ክር ብሎ ተበታትኗል። ጣዕም የሚባል የለውም። ባሌ አንዴ ጠቀሰና «ምስሩ የታለ?» አለኝ።

የእናቴ ዱባ ወጥ እኮ ደረቅ ብሎ፣ እንደ ስኳር ድንች የሚጣፍጥ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የዱባው? ግማሽ ካርቶን ፖምም ተቀምጦ ያየኛል። እናንተ በዚህ ወቅት ምን ትሠራላችሁ?

የጉለሌዋ

እህትዬ፣ የዱባው ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንላለን፤ እዚህ አገር ዱባና ዱባም ለየቅል ነው። ያ ትልቁ ለመፈልፈያ የተዳቀለ ነው። መጠኑንና መልኩን እንጂ ጣዕሙን ማንም አላሰበበት። ሥጋው ውሃና ጭረት ነው።

ለወጥ ካቦቻ የሚባለውን ዱባ ግዢ። ኮሪያ ሱቅ ታገኚዋለሽ፤ ድብልብል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ስታነሺው ከመጠኑ በላይ የሚከብድ። ከሌለ በተርነት የሚባለው ዱባ ይሁን። ካቦቻ ልጣጩ ድንጋይ ነውና ቢላ ይዘሽ አትታገዪው። እኔ አንዴ አውራ ጣቴን አስሰፍቻለሁ። ሦስት አራት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጊና ማይክሮዌቭ ውስጥ ሦስት ደቂቃ አቆዪው፤ ከዚያ እሺ ይልሻል።

ሌላው፣ ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ይብሰል፣ በርበሬው ዘይቱን ይትፋ። ዱባው ከገባ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው። ውሃ እንዳትጨምሪ፣ ዱባው የራሱን ያወጣል። በማማሰያም አትነካኪው፤ ድስቱን ጆሮውን ይዘሽ ወዝወዝ።

የተበላሸውንም አትድፊው። አንድ ኩባያ ምስር ክክ ጨምሪበት፣ ውሃውን ይመጥልሻል። ባልሽ ሳያውቅ ልክ ተናግሯል።

ጋሼ ዴንቨር

ልጄ፣ ስለ ዱባ አላውቅም፤ ስለ ጎመን ግን ልንገርሽ። ጓሮዬ ሦስት መደብ አለኝ። ጥቅምት ላይ ውርጭ እስኪመታው አልቆርጠውም። ጎረቤቴ «ጎመንህ ሞተ» ይለኛል። አልሞተም። ብርድ ሲይዘው በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይራል፤ ስኳሩ ቅጠሉን ከመርጋት ያድነዋል። እኛ ደግሞ እንበላዋለን። በሐምሌ የሚመርረው ያው ጎመን አሁን ሌላ ነው። በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ ሥሪው፣ ዝንጅብል እንኳ አያስፈልገውም።

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ጽጌን ለያዘ ሰው አጥንቱ ይሄ ነው።

ቤርሼባ

እዚህ እስራኤል ዱባ ተቆርጦ በኪሎ ነው የሚሸጠው። ውስጡን አይተሽ ትገዢያለሽ፤ ደማቅ ብርቱካናማ ካልሆነ አልነካውም። ፍሬውን ግን ጣልሽው? ታጥቦ፣ አንድ ሌሊት ደርቆ፣ በጨው ሲቆላ ለቡና ቁርስ ነው። የፈረንጁም ዱባ ቢሆን ፍሬው አያሳፍርም።

ፖሙን ቀይ ሥር ሰላጣ ውስጥ ክተቺው፣ በድንቹ ቦታ። ጎምዛዛው አረንጓዴ ከሆነ ሎሚም ቀንሺ።

ዝም ብዬ ነው

ዱባ ወጥ የልጅነት ቅጣቴ ነበር። ሰው ወዶ ሲሠራው ዛሬ አየሁ 😂

እሸት ዘሜሪላንድ

ተመልሻለሁ! ካቦቻውን ትናንት አገኘሁት። ስቆርጠው ውስጡ የእንቁላል አስኳል ይመስላል። አንዲት ጠብታ ውሃ አልጨመርኩም፣ ዓይኔ ግን ከድስቱ አልተነሳም። አሥር ደቂቃ ላይ ወዙን አወጣ፣ አሥራ ስምንት ላይ አወረድኩት። ቁርጡ እንዳለ ነው፣ ጠርዙ ብቻ ከቁሌቱ ጋር ተዋህዷል። ልጄ በርበሬ አትወድም፣ እየታጠበላትም ቢሆን ሦስት ቁራጭ በላች። ልጣጩም ሲበስል ይበላል ለካ።

ፖም በቀይ ሥር ሸጋ ነው፤ ግን ቶሎ መብላት ነው፣ ሲያድር ውሃ ያቀርራል። ጋሼ፣ ጎመኑን ውርጭ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው።

የከሸፈው ወጥ ምስር ገብቶበት ሁለት ቀን ተበላ። ባሌ ሐሳቡ የሱ እንደነበር ለእህቱ ደውሎ ነግሯታል።